አምስተኛው ተረኛ

ጥቅምት 4

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። ደብዳቤሽን የጭነት መኪናው ሾፌር ፋብሪካው በር ላይ ሰጠኝ፤ መልሱንም በእሱው መኪና እልክልሻለሁ። ስልክ ላይ ስጮህልሽ ጎረቤት ሁሉ ገመናችንን ይሰማል ብለሽ ከከለከልሽኝ ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጻፉ ተስማምቶኛል። የጆሮሽን ጠብታ ግን ሐኪሙ እንዳዘዘው ጨርሺ፤ ተሻለኝ ብለሽ መሃል ላይ አታቋርጪ።

«ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የምትሠራው ምንድን ነው?» ላልሽው፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለችውን ትንሽ አእምሮ ነው የምጽፈው። ቁልፍ ሲጫኑ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የሚያዝዘውን ፕሮግራም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቶልኝ የሄደውን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ። የልብስ ማጠቢያ ቤትሽ ፍሳሽ የተደፈነ ጊዜ ክዳኑን አንስተን ያየነውን ታስታውሻለሽ? ጸጉር፣ የሳሙና ዝቃጭ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካልሲ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅልሎ። ልክ እንደዚያ ነው። «በሩ ከተከፈተ፣ ውሃም ካለ፣ ግን ካልተሽከረከረ፣ ወይም ከተሽከረከረና በሩ ካልተከፈተ» እያለ ገጽ በገጽ ይሄዳል። አንዱን ስትነኪ ሌላው ይናዳል። አምና የተሸጡት ማሽኖች ውሃ እንደሞላባቸው በራቸው የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። እያነበብኩ ምሳ ያስጠላኝ ቀን አለ።

ሁሉንም ጥዬ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ የሁኔታ ንድፍ ይሉታል። እኔ ግን በተረኛ ነው የማስበው። ማሽኑ ውስጥ አራት ተረኞች አሉ በይ፤ የእረፍት ተረኛ፣ የውሃ ሙሌት ተረኛ፣ የማጠብ ተረኛ፣ የመጭመቅ ተረኛ። በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው። «በር ክፈት» የሚለውን ስትጫኚ ማሽኑ ራሱ አይጨነቅም፤ ትእዛዙን ለተረኛው ያቀብላል። የእረፍት ተረኛ ከሆነ ይከፍታል። የማጠብ ተረኛ ከሆነ «ውሃ አለ፣ አልከፍትም» ይላል። ሥራውን ሲጨርስ ለሚቀጥለው አስረክቦ ይወጣል። አንዱ የሌላው ጓዳ አይገባም። ነገ ሌላ ተረኛ ቢያስፈልግ እንኳ የቀሩትን ሳይነኩ አንድ መጨመር ነው።

አለቃችን አይቶ ወደደው። ከሰውዬው በፊት ሽታው ስለሚገባ «ሽቶው» ነው የምንለው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ንጹሕ ሥራ» አለኝ፤ እድገትም ቃል ገባልኝ። ሸሚዜ እሱን እሱን ሲሸት ዋለ።

ለሠራተኛ በቅናሽ የሚሰጠውን ሁለት ማሽን ይዤልሻለሁ። በሚቀጥለው ጭነት ይደርሱሻል። በጩኸታቸው ጆሮሽን የበሉትን እነዚያን አሮጌዎች አውጥተሽ ጣያቸው።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ከርመሃል?

ቶሎ ባለመጻፌ አትቀየመኝ፤ ደስታ እጅ ያስራል። ማሽኖቹ ከገቡ ጀምሮ ሥራ እንጂ ቁጭ ማለት የለም። ድምፅ ስለሌላቸው መጀመሪያ ቀን ጆሮዬ ጭራሽ የተደፈነ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በመስታወታቸው ሲሽከረከሩ አይቼ ነው የተጽናናሁት። ተረኛህንም ፈትኜዋለሁ። ውሃ ሞልቶ ሳለ «በር ክፈት» አልኩት፤ እምቢ አለ። ደግሜ ብጫነውም እምቢ። አንተኑ ነው የመሰለኝ፤ በልጅነትህ ገላህን ታጠብ ሲሉህ እንዲሁ ነበርክ።

በእጅ ከማጠብ ስላረፍኩ እጄም ተሽሎታል። ስንጥቁ ገጥሟል፤ ቆዳው የሰው ቆዳ መስሏል። የክሊኒኩን አንሶላ የማጠብ ሥራም ያዝኩ። ዋናዋ ነርስ ራሷ መጥታ ቤቱን ዞራ አይታ «እዚህስ ንጹሕ ነው» አለችና ፈረመችልኝ። ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩም ማሽኖቹን አይቶ ምራቁን ዋጠ፤ ለፎጣዎቹ አንድ ሊገዛ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ልብስ ሰፊዋም ልቧ ተነሥቷል። ሁሉንም «ወንድሜ የሠራው ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» እላቸዋለሁ።

የእድገትህ ነገርስ? ሽቶው ቃል ገብቶልኛል ብለህ ነበር። ደብቀህ እንዳትበላው።

እህትህ


ጥር 6

ለእታለሜ፣

ይቅርታ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሾፌሩን ሁለቴ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ፤ ታሟል ወይ ብለሽ ጠይቀሽዋል አለኝ። አልታመምኩም። ምግብ አልረጋልኝ ብሎ ነው እንጂ።

እድገቱ የለም። ቦታው ለሥራ ባልደረባዬ ለጭምቱ ተሰጥቷል። ጭምት ስለሆነ ነው ያልነው፤ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። ለምን ለእሱ እንደተሰጠ አሁን አልጽፍልሽም። ቢሮው መስኮቱ አይከፈትም፤ ሽቶው በቀን ሦስቴ ነው የሚመላለሰው፤ ያ ሽታ ብርጭቆዬ ላይ ሳይቀር አለ። ውሃ ስጠጣ እሱን የምጠጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ማሽኑን ለማንም «ግዙ» አትበዪ። ልብስ ሰፊዋን ትንሽ ትቆይ በያት። ጸጉር አስተካካዩ ገዝቶ ከሆነ ግን እንግዲህ ገዝቷል። የአንቺዎቹ ምንም አይሆኑም፤ ይህን በእርግጥ እነግርሻለሁ። ለምን እንዳትዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 20

የእናቴ ልጅ፣

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ለምን እንዳትዪኝ ብለህ ጽፈህልኝ እኔም አላልኩም። አሁን ግን እላለሁ።

ጸጉር አስተካካዩ ማሽኑን ገና ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ገዝቶት ነበር። ቀኑን ሙሉ ፎጣ ሲያጥብበት ከረመ። ባለፈው ሳምንት ፎጣው ውስጡ እንዳለ ማሽኑ ቆመ። ቀይ መብራት በራ፤ «ጥበቃ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ በሩ አልከፈት፣ ውሃው አልወርድ አለ። ድርጅቱ ጋ ቢደውል ቴክኒሻን ይመጣል ብለው ሳምንት አስጠበቁት። በእነዚያ ቀናት ቤቱ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ፎጣዎቹ በግራጫ ውሃ ላይ እንደ ሞተ ነገር ተንሳፈፉ። የተቆረጠ ጸጉር መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። በበሩ ጎማ ስር አረንጓዴ ልጋግ እየወጣ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ግማሹን ይዞ የሮጠ ደንበኛ አለ፤ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል፤ ጸጉር አስተካካዩ ግን አይስቅም።

ቴክኒሻኑ መጣ። አንድ ብሎን አልፈታም። ካርድ የመሰለ ነገር ወደ ማሽኑ አስጠጋ፤ መብራቱ ጠፋ፤ በሩ ተከፈተ። ደረሰኝ ጽፎ ገንዘቡን ተቀበለ። ያ ውሃ ወለሉ ላይ ሲለቀቅ ማስመለሴን አልደብቅህም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እድፍ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሸትቶኝ አያውቅም።

«ምኑ ተበላሽቶ ነው?» አልኩት።

«ምኑም» አለኝና ሳቀ።

አንተ ታውቃለህ። ጻፍልኝ።

እህትህ


የካቲት 27

ለእታለሜ፣

እሺ፣ እጽፋለሁ።

በኅዳር ማለቂያ ሽቶው ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ፤ ሻይ አስመጣልኝ።

«አንድ ተረኛ ጨምርልን» አለኝ።

«ምን የሚሠራ?»

«ምንም የማይሠራ። ማሽኑ የተወሰነ ዙር ካጠበ በኋላ ተራውን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚቀመጥ። የትኛውም ቁልፍ ቢነካ የማይሰማ፤ የእኛ ሰው እስኪመጣ።»

«ውስጡ ያለው ልብስስ? ውሃውስ?»

«ውሃው ካልገማ ማን ይጠራናል?» አለኝ። ይህን ሲል ስኳር እያማሰለልኝ ነበር።

አልጽፍም አልኩ። አልተቆጣኝም፤ ሻይህን ጨርስ አለኝ። ከዚያ ጭምቱን ጠራው። ጭምቱ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ለመውጫ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሰው። ከጻፍኩት አንዲት መስመር አልነካም፤ መንካትም አላስፈለገውም። አራቱ ተረኞች በየሥራቸው እንዳሉ አምስተኛውን አምጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠው። እነሱም ሳይጠይቁ ተራ ያስረክቡታል። በድሮው ዝቃጭ ውስጥ ቢሆን ወር ይፈጅበት ነበር፤ ምናልባትም ጭራሽ ባልሆነለት። ቤቱን አጽድቼ፣ ወለሉን አሳምሬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ፕሮግራሙን ስከፍት የገዛ ጽሑፌ ይቀፈኛል፤ አምስቱም በአንድ እጅ የተጻፉ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ ወዲያ ለምን አልተናገርክም ትዪኛለሽ። ብወጣ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት የለኝም።

የአንቺ ማሽኖች ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው፤ አራት ተረኛ ብቻ አላቸው። የጸጉር አስተካካዩ ግን አምስት አለው፤ እንደገና ይቆማል። ሲቆም እንዲህ አድርጉ። «በር ክፈት»ንና «መጭመቅ»ን አንድ ላይ ይዛችሁ ማሽኑ ጢጥ እስኪል አትልቀቁ። ለፋብሪካ መሞከሪያ ያስቀመጥኳት ቀዳዳ ናት፤ ማንኛውንም ተረኛ አስወጥታ የእረፍቱን ታስገባለች። ውሃው ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል። ለእሱም አሳዪው፤ ለሌላውም ሰው ሁሉ አሳዪ።

ወንድምሽ


መጋቢት 18

የእናቴ ልጅ፣

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ያቺ የነገርከኝ ነገር ሠርታለች፤ ከመሥራትም አልፋለች።

የልብስ ሰፊዋ ማሽን ቆመባት፤ እኔን አልሰማ ብላ ገዝታ ኖሯል። ሄጄ ከፈትኩላት። እሷ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለሌላ። አሁን ከወዲያኛው ሰፈር ሳይቀር ይጠሩኛል። ስገባ ሁላችሁም ውጡልኝ እላለሁ። በሩን ዘግቼ ትንሽ ኳ ኳ አደርጋለሁ፤ ብሎን የምፈታ ነው የሚመስለው። ከዚያ እጫናለሁ። ቴክኒሻኑ ከሚጠይቀው ግማሹን ነው የማስከፍል፤ ሰውም እየመረቀ ይሸኘኛል። ጸጉር አስተካካዩም ሲቆምበት ከፈልኩ ብሎ አልተከፋም። ለእሱ በነጻ ባሳየው ኖሮ ነገ እሱ ነው የሚዞርበት።

ከሁለቱም ማሽኖች የማላገኘውን በሁለት ጣቴ አገኘሁ። የቤቱን ጣሪያ አስጠግናለሁ። አንተ ብቻ ሥራህን እንዳትለቅ። ድምፅህንም አታሰማ። ያ ሽቶ ሌላ ነገር ካሰበ አስቀድመህ ጻፍልኝ።

ለመሆኑ ትበላለህ? ሾፌሩ ከስቷል ይለኛል።

እህትህ


መጋቢት 25

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን መጨረስ አቃተኝ።

ያቺን ነገር የሰጠሁሽ ለሰው እንድታሳዪ ነበር። ሽቶው የሰው ልብስ በውሃ ያገማል፤ አንቺ በር ዘግተሽ ግማቱን ትሸጫለሽ። ኳ ኳም ታደርጊያለሽ። እሱ ቢያንስ ይህን አያደርግም፤ አንቺ ደግሞ ሽቶ አትቀቢም። ልዩነታችሁ ይኸው ነው። የሚመርቁሽ ሰዎች ፊት እንዴት ትቆሚያለሽ? እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ አየር መተንፈስ አቅለሽልሾኝ ስኖር፣ ቢያንስ እህቴ ቤት ንጹሕ ነው እል ነበር።

እበላለሁ። ሥራም አልለቀቅሁም። በዚህ ሳምንት ሌላ ሥራ ተሰጥቶኛል፤ ተቀብዬዋለሁ።

በሁለት ጣትሽ ብዙ አትመኪ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ሚያዝያ 19

ለወንድሜ፣

ቴክኒሻኑ «ነጻ ምርመራ» ብሎ በየቤቱ ዞረ። በነጻ የተባለ ነገር ማን ይጠላል፤ የሁሉንም ማሽን ካርዱን እያስጠጋ አለፈ። የእኔንም ሁለት። እኔ እንዲያውም ወንበር አቀረብኩለት።

ከዚያ አንደኛው ማሽኔ የክሊኒኩን አንሶላ እንደያዘ ቆመ። ቀይ መብራት። እኔም ሳቅ ብዬ ሁለቱን ቁልፍ ያዝኩ። ጢጥ አላለም። ጣቴ እስኪነጣ ያዝኩ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ የእሷንም ሞከርኩ፤ አልሆነም። ቴክኒሻኑን መንገድ ላይ አግኝቼ ቁልፎቹ ምን ሆኑ አልኩት።

«ተዘጉ» አለኝ። «የዘጋቸው እኮ ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ራሱ ነው። ከእዚሁ ከእናንተ አካባቢ ነው ይላሉ። ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ላስከፍተው አልጠራሁትም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፤ እልህ ይሁን ቅጣት። አንሶላው የበሽተኛ አንሶላ ነው። ደም አለበት፣ ሌላም አለበት፤ በዚያ በቆመ ውሃ ውስጥ እየሞቀ ሰነበተ። ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ነርሷ አንሶላዋን ፍለጋ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በእጇ ያዘች። ወደ ውስጥ አልገባችም። ፊቷን ያየሁት ጊዜ ነው አንተ የጻፍክልኝ ነገር የገባኝ። እኔን እየሸተተች ነው የመሰለኝ።

ማሽኑን እየጎተትኩ መንገድ ላይ አወጣሁት። የመስኮት ብረት ይዤ መስታወቱን መታሁት። ቶሎ አልሰበር አለ፤ ሰው ተሰበሰበ። ሲሰበር ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንሶላዎቹን በእጄ አወጣኋቸው። እያወጣሁ ነገርኳቸው። ማሽኑ እንዳልተበላሸ፣ ሆን ተብሎ እንደሚዘጋ፣ እኔም በሩን ዘግቼ ኳ ኳ ስል ምንም እንዳልፈታሁ፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ እንደተጫንኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ነበርኩ።

ጸጉር አስተካካዩ «እኔን እንኳ?» አለኝ። የወሰድኩትን ለየባለቤቱ መልሻለሁ፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለኝም፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ክሊኒኩ ትቶኛል።

አንተን በስም አልጠራሁም። ላንተ አዝኜ አይደለም። አፌ ውስጥ ማስገባት ቀፎኝ ነው።

እህትህ


ሰኔ 22

ለእታለሜ፣

ይቅርታ ብዬ ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። የሆነውን ልጻፍልሽ።

ያ የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሽቶው መጣ። «አንድ ከተማ ውስጥ ማሽኖቹን የሚከፍት ሰው አለ፤ ቀዳዳዋን ዝጋልኝ» አለኝ። የፊተኛውን እምቢ ብዬ ይህን እሺ አልኩ። በአንቺ ተናድጄ ነበር። ቴክኒሻኑ ያንቺንም ማሽኖች እንደሚነካ፣ ካርዱም አምስተኛውን ተረኛ እንደሚያስገባባቸው አላሰብኩም ብልሽ ውሸት ይሆናል። አስቤዋለሁ። ትቅመሰው ብያለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ ነው። ነርሷ አፍንጫዋን የያዘችበት ጋ ስደርስ ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ስመለስ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። የሁለተኛውን ዙር «ነጻ ምርመራ» ካርዶች እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። አምስተኛውን ተረኛ አወጣሁት። መውጣቱም እንደ መግባቱ ቀላል ነበር። አራቱ ማንን እንዳጡ እንኳ አያውቁም፤ የማጠቡ ተረኛ እንደ ድሮው ለመጭመቁ አስረክቦ ይሄዳል። ካርዶቹን ሞልቼ ለቴክኒሻኖቹ ሰጠኋቸው። ራሳቸው ተሸክመው ቤት ለቤት አዳረሱት፤ በየሄዱበትም ወንበር ሳይቀርብላቸው አልቀረም።

ሽቶው ያወቀው የጥገና ጥሪ ሲጠፋ ነው። አልጮኸብኝም። «እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነበርን» ብሎ በሰው ፊት አቀፈኝና አሰናበተኝ። ሸሚዙን ሦስቴ አጥቤዋለሁ፤ በመጨረሻ ጣልኩት። ጭምቱ ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ ሲከትልኝ ዓይኔን አላየም። እሱ እዚያው ስላለ ለሚቀጥሉት ማሽኖች ሌላ አምስተኛ ይጽፋሉ፤ ይህን አልዋሽሽም። ሁሉንም ዘርዝሬ ለሚመለከተው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ጽፌያለሁ፤ የራሴንም ሥራ ጭምር። እስካሁን መልስ የለም። የተሸጡት ግን ከእንግዲህ አይቆሙም።

ቤት ኪራዩ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ብመጣ ደስ ይለኛል። አትምጣ ካልሽኝም ይገባኛል።

ወንድምሽ


ሐምሌ 2

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሳነበው ልቅደደው አልኩ፤ ከዚያ እንደገና አነበብኩት።

ቴክኒሻኑ በሁለተኛው ዙር የጸጉር አስተካካዩንም፣ የልብስ ሰፊዋንም፣ የቀረኝን አንዱንም ነክቶ ሄዷል። ጸጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ ይቆማል ብሎ እየፈራ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚያጥብ። አልቆመም። የጻፍክልኝን ሄጄ ነገርኩት፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ዛሬ ሳልፍ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ አላወቅሁም፤ እኔም ነቀነቅሁ። ክሊኒኩ አልተመለሰም። አንዲት ትንሽ ማረፊያ ቤት አንሶላዋን ሰጥታኛለች፤ አንዱ ማሽን ስለማይበቃ የተረፈውን በእጄ አጥባለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አሁንም ትቀፈኛለህ። ትቅመሰው ያልከው ቃል ምግብ ላይ ትዝ ይለኛል። አንተም ያንን ኳ ኳ ስታስብ እንደምቀፍህ አውቃለሁ። ተጠያይፎም አንድ ገበታ መቅረብ አለ፤ ስንቱ ቤት እንዲሁ ነው የሚኖረው።

ና። የኋላውን ክፍል ጠርጌልሃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጀርባ ሰጣጥተን እንሠራ ይሆናል። ግን ትልቅ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አይጨምቀውም። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይዞ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ነው።

እህትህ